ፑኒት ራጅኩማር፦ በስድስት ወሩ ካሜራ ፊት የቀረበው፣ በ46 ዓመቱ ባንጋሎርን ያስለቀሰው ተዋናይ

"ኬጂኤፍ"ን ያያችሁ አላችሁ? "ካንታራ"ንስ? ብዙዎቻችን "የህንድ ፊልም" ብለን ነው ያለፍናቸው። የተሰሩበት ቋንቋ ግን ሂንዲ አይደለም፣ ካነዳ ነው። (ካናዳ አላልንም፤ ካ-ነ-ዳ!)

ዛሬ የምናወራችሁ በዚሁ ቋንቋ ስለሚሰሩ ፊልሞች አንድ ሰው ነው። ገና ጡት ሳይጥል ፊልም ላይ ታየ። በ10 ዓመት ዕድሜው በሰራው ፊልም የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በጉርምስናው ከስክሪን ጠፋ፣ ለ13 ዓመት። ሲመለስ ደግሞ ከልጅነቱ በላይ ገነነ።

ስሙ ፑኒት ራጅኩማር ነው። አድናቂዎቹ "አፑ" ይሉታል። አየር ጤና ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ ሻሩክ ካንን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳችኋል፣ ፑኒትን የሚያውቅ ማግኘት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። እሱ በሞተ ቀን ግን ከአዲስ አበባ በህዝብ ብዛት የምትበልጠው ባንጋሎር ቀጥ ብላ ቆማለች።

የልጅ ኮከቦች ታሪክ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አያምርም። "ሆም አሎን" ላይ ያሳቀን ማኮሌይ ከልኪን በ14 ዓመቱ ትወና በቃኝ አለ፣ ወላጆቹም በልጆቻቸው ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆሙ። ህዝብ የወደደው ያንን ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ ድምፁ ሲጎረንን፣ ቁመቱ ሲመዘዝ፣ ፊቱ ሲቀየር ህዝቡ ሌላ ልጅ ይፈልጋል። ፑኒት ታዲያ ይህን ገደል እንዴት ተሻገረው?

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ የሆነውን ለይተን እንነግራችኋለን።)

◾ በመጀመሪያ፣ ካነዳ ምንድን ነው?

ካነዳ በደቡብ ህንድ የካርናታካ ግዛት ቋንቋ ነው። ዋና ከተማዋ ባንጋሎር ናት፣ በአሁኑ ስሟ ቤንጋሉሩ። በ2011 የህንድ ህዝብ ቆጠራ ካነዳን አፍ መፍቻዬ ያለው ሰው ወደ 44 ሚሊዮን ይጠጋል። የራሱ ፊደል አለው፣ እንደኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ አጣምሮ የሚጽፍ።

የፊልም ኢንዱስትሪው "ሳንደልውድ" ይባላል። ሳንደልውድ ማለት ሰንደል እንጨት ነው፣ ግዛቲቱ በዚህ ባለ መዓዛ ዛፍ ትታወቃለች። ከቦሊውድ አንፃር ሲታይ ገበያው ትንሽ ነው። የሂንዲ፣ የታሚልና የቴሉጉ ፊልሞች ከየአቅጣጫው ይጫኑታል። ለዚህም ነው ካነዳ ተናጋሪዎች ተዋናዮቻቸውን ከመዝናኛ በላይ የሚያዩዋቸው። ለእነሱ ተዋናይ የቋንቋቸው ጠባቂ ነው።

◾ የተወለደበት ቤት

የፑኒት አባት ዶክተር ራጅኩማር ናቸው። ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆዩ፣ ከዘዋሪ የቲያትር ቡድን ተነስተው በ1954 "ቤዳራ ካናፓ" በተባለው ፊልም መሪ ተዋናይ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከ200 በላይ ፊልሞች ሰርተዋል። "ዶክተር" የሚለው ማዕረግ የማይሶር ዩኒቨርሲቲ በ1976 የሰጣቸው የክብር ዶክትሬት ነው። የህንድ ሲኒማ ትልቁ ክብር የሆነውን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማትም አግኝተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካነዳ በግዛቲቱ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ቦታ ይያዝ የሚለው ትልቅ ንቅናቄ ሲነሳ ከፊት ሆነው የመሩት እሳቸው ነበሩ።

እናቱ ፓርቫታማ ራጅኩማር ደግሞ ፕሮዲዩሰር ነበሩ። ገንዘቡን የሚይዙት፣ ድርሰት የሚመርጡት፣ ተዋናይ የሚቀጥሩት እሳቸው ናቸው። በወንዶች በተሞላ ሙያ ውስጥ አንዲት ሴት የቤተሰቡን የፊልም ድርጅት ለአስርት ዓመታት መርተዋል።

ፑኒት ለዚህ ቤት አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ማርች 17 ቀን 1975 ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ተወለደ። በኛ መጋቢት 8 ቀን 1967 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ እኛ ጋ የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ገና 13 ቀኑ። የመጀመሪያ ስሙ ሎሂት ነበር። ታላላቅ ወንድሞቹ ሺቫ ራጅኩማርና ራጋቬንድራ ራጅኩማርም ኋላ ላይ ተዋናዮች ሆነዋል።

◾ "ማስተር ሎሂት"

የመጀመሪያ "ስራው" በ1976 የወጣው "ፕሬማዳ ካኒኬ" ነው። በፊልሙ የስድስት ወር ህፃን ነው። ትወና ማለት ይከብዳል፣ ግን ስክሪን ላይ ታይቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን እውነተኛ ትወና ነው። አባቱ ወደ ቀረፃ ሲሄዱ ትንሹን ልጅና እህቱን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሌላ ልጅ ሰፈር ውስጥ ብይ ሲጫወት እሱ መብራትና ካሜራ መሀል አደገ። በፊልሞቹ ላይ ስሙ "ማስተር ሎሂት" ተብሎ ይጻፍ ነበር። በህንድ "ማስተር" የሚባለው ህፃን ወንድ ተዋናይ ነው።

ከልጅነት ስራዎቹ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

▪️ "ቫሳንታ ጊታ" (1980)
▪️ "ባግያቫንታ" (1981)፦ በዚህ ፊልም ላይ በራሱ ድምፅ ዘፍኗል። ዘፈኑ እስከዛሬ ካርናታካ ውስጥ ልጆች የሚያንጎራጉሩት ነው።
▪️ "ቻሊሱቫ ሞዳጋሉ" (1982)፦ የካርናታካ ግዛት ምርጥ የልጅ ተዋናይ ሽልማት
▪️ "ኤራዱ ናክሻትራጋሉ" (1983)፦ ያው ሽልማት በድጋሚ
▪️ "ባክታ ፕራህላዳ" (1983)

የመጨረሻውን ትንሽ እናብራራው። ታሪኩ የሂንዱ እምነት ታሪክ ነው። "ከኔ በላይ አምላክ የለም" የሚል ክፉ ንጉሥ አለ። የገዛ ልጁ ፕራህላዳ ግን ቪሽኑን ማምለክ አልተውም ይላል። አባት ልጁን ለማስገደል የማያደርገው ነገር የለም። ንጉሡን የተጫወቱት ዶክተር ራጅኩማር፣ ልጁን የተጫወተው ፑኒት! ቤት ውስጥ አቅፎ የሚያሳድግህ አባት ካሜራ ፊት ሲያፈጥብህ ሳትደነግጥ ቃለ ተውኔትህን መወጣት፣ ያውም በስምንት ዓመትህ፣ ቀልድ አይደለም።

◾ የተራራው አበባ

1985 ላይ "ቤታዳ ሁቩ" ወጣ። ትርጉሙ "የተራራ አበባ" ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ኤን ላክሽሚናራያን ሲሆን ታሪኩ የተወሰደው ሸርሊ አሮራ ከጻፈችው የልጆች ልቦለድ ነው።

ፑኒት ራሙ የሚባል የድሃ ልጅ ሆኖ ይሰራል። ራሙ መማር ይወዳል። አንድ መጽሐፍ ልቡን ሰቅሎታል፤ ታላቁ የካነዳ ደራሲ ኩቬምፑ እንደገና የጻፈው ራማያና ነው። ገንዘብ ግን የለውም። እና ተራራ እየወጣ ብርቅ የዱር አበባዎችን እየለቀመ ለአንዲት የውጭ ሀገር ሴት ይሸጣል። ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል። ገንዘቡ ሊሞላለት ሲል ክረምቱ ይገባል፣ ቤተሰቡ በብርድ ይቆራመዳል። መጽሐፉ ወይስ ብርድ ልብስ? ራሙ መጽሐፉን ትቶ ብርድ ልብስ ይገዛል።

ይህን ታሪክ ለማንም የኢትዮጵያ ልጅ ብትነግሩት አይገርመውም። ሊስትሮ ሰርቶ ደብተር የሚገዛ፣ ከደብተሩ በፊት ግን የቤት ዳቦ የሚያስብ ልጅ በየሰፈራችን አለ። ፊልሙ ውስጥ ትልቅ ለቅሶ የለም፣ ጩኸት የለም። ልጁ ብቻ ነው ያለው። በዚህ ስራው ፑኒት በ33ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት የሀገሪቱ ምርጥ የልጅ ተዋናይ ተባለ።

አስቡት፣ 10 ዓመት። ከዚህ በኋላ ወዴት ይወጣል?

◾ የ13 ዓመት ዝምታ

በ1988 እና በ1989 ከአባቱ ጋር ሁለት ፊልሞች ሰራ። የመጨረሻው "ፓራሹራም" ነው። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ለልጅ ገፀ ባህሪ አደገ፣ ለመሪ ተዋናይ ገና ነው። እና ቆመ።

ቤተሰቡ ገንዘብም፣ የፊልም ድርጅትም፣ ስምም ነበረው። በ17 ወይም በ18 ዓመቱ ፀጉሩን አስተካክለው መሪ ተዋናይ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ወንድሙ ሺቫ ራጅኩማር በ1986 "አናንድ" በተባለ ፊልም ጀምሮ ተራውን ይዟል። ፑኒት በግራናይት ንግድ ላይ ሰራ። በ1999 አሽዊኒን አገባ።

በ2000 ደግሞ ቤተሰቡ ላይ መዓት ወረደ። ቪራፓን የሚባል፣ በሰንደል እንጨትና በዝሆን ጥርስ ኮንትሮባንድ፣ በግድያም ለዓመታት የሚፈለግ ሽፍታ ጁላይ 30 ማታ ዶክተር ራጅኩማርን ከትውልድ መንደራቸው ጋጃኑር አፍኖ ጫካ ገባ። የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው። ባንጋሎር ተናወጠች፣ ሱቆችና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሁለት የግዛት መንግሥታት ለድርድር ተቀመጡ። ከ108 ቀን በኋላ ኖቬምበር 15 ቀን 2000 ተለቀቁ።

የፑኒት መመለስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

◾ አፑ

ኤፕሪል 26 ቀን 2002 "አፑ" ተለቀቀ። ፕሮዲዩሰሯ እናቱ፣ ዳይሬክተሩ ከቴሉጉ ፊልም የመጣው ፑሪ ጃጋናድ። ፑኒት 27 ዓመቱ ነው። ገፀ ባህሪው የተራ ፖሊስ ልጅ የሆነ፣ የፖሊስ ኮሚሽነሩን ሴት ልጅ የሚወድ ደረቅ ወጣት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፣ ልጁ ግን ሲጨፍር አጥንት የለውም፣ ሲደባደብም ብዙውን ትዕይንት በራሱ ይሰራል።

ፊልሙ 200 ቀን ሲኒማ ቤት ቆየ። በቴሉጉ "ኢዲየት"፣ በታሚል "ደም" ተብሎ እንደገና ተሰራ። "አፑ" የሚለው ስምም በዚያው ተጣብቆበት ቀረ።

ልብ በሉ፣ ህዝቡ ማስተር ሎሂትን አልረሳውም ነበር። ግን ያየው ሌላ ሰው ነው። 13 ዓመት መጥፋቱ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ህፃኑ በሰው ልብ ውስጥ ህፃን ሆኖ ቀረ፣ አዋቂው ደግሞ በራሱ እግር ገባ። "የራጅኩማር ልጅ ስለሆነ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እውነትም በሩን የከፈተለት ስሙ ነው። ግን ስም ሰውን 200 ቀን ሲኒማ ቤት አያስገባም።

◾ ሃያው ዓመት

ከ"አፑ" በኋላ "አቢ" (2003)፣ "አካሽ" (2005)፣ "አራሱ" (2007)፣ "ሚላና" (2007)፣ "ጃኪ" (2010)፣ "ሁዱጋሩ" (2011) ተከታተሉ። "ሚላና" እና "ጃኪ" የግዛቲቱን ምርጥ ተዋናይ ሽልማት አስገኝተውለታል። በልጅነቱ በልጅ ዘርፍ የወሰደውን ሽልማት በአዋቂ ዘርፍ ደገመው ማለት ነው።

አድናቂዎቹ "ፓወር ስታር" አሉት። ግን ከድብድቡ ይልቅ ያጸናው ነገር ሌላ ነው፦ አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ቁጭ ብለው ሳይተፋፈሩ የሚያዩትን ፊልም መስራቱ። የዚህ ጫፍ "ራጃኩማራ" (2017) ነው። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅና ልጆቻቸው የተዉዋቸው አረጋውያን ታሪክ ነው። በጊዜው ከካነዳ ፊልሞች ሁሉ በገቢ ከፊት ተሰለፈ።

በቴሌቪዥንም ገባ። "ማን ሚሊየነር መሆን ይፈልጋል" የሚለውን ጥያቄና መልስ በካነዳ ከ2012 ጀምሮ አቅርቧል። ኮከቡ ገበሬ ወይም የቤት ሰራተኛ ፊት ተቀምጦ "አይዞሽ፣ አትቸኩይ" ሲል ያየ ህዝብ የበለጠ ወደደው።

በ2017 ፒአርኬ የተባለ የራሱን ፕሮዳክሽን አቋቋመ። ሀሳቡ አዳዲስ ዳይሬክተሮችንና አነስተኛ ፊልሞችን መደገፍ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ሲኒማ ቤት ሲዘጋ "ሎው" እና "ፍሬንች ቢርያኒ" የተባሉ ፊልሞቹን በ2020 በቀጥታ በኢንተርኔት ለቀቀ።

ገንዘቡስ? የካርናታካ ወተት አምራቾች ህብረት "ናንዲኒ" የሚባል ወተት አለው፤ ገበሬዎች ያቋቋሙት ነው። ፑኒት እንደ አባቱ ሁሉ ያለ ክፍያ አስተዋውቆታል። ማይሶር ውስጥ ቤተሰቡ ያቋቋመው፣ ችግር የደረሰባቸው ሴቶች የሚያገግሙበት "ሻክቲ ዳማ" የሚባል ማዕከል አለ፤ እሱም ይደግፈው ነበር። ኮቪድ ሲገባ ለግዛቲቱ የእርዳታ ፈንድ 5 ሚሊዮን ሩፒ ሰጥቷል።

◾ ያ ዓርብ

ኦክቶበር 29 ቀን 2021፣ በኛ ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም። ጠዋት የወንድሙ የሺቫ ራጅኩማር "ባጃራንጊ 2" ፊልም የሚወጣበት ቀን ስለነበር ትዊተር ላይ መልካም ምኞቱን ጻፈ። የመጨረሻው ጽሑፉ ያ ሆነ።

ስፖርት ሰርቶ ሲጨርስ ጥሩ ስሜት አልተሰማውም። መጀመሪያ ወደ ቤተሰቡ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ልቡ ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞቱ ተነገረ። 46 ዓመቱ ነው። ስፖርት የሚወድ፣ በአካል ብቃቱ የሚታወቅ ሰው።

መንግሥት ደነገጠ። በ2006 ዶክተር ራጅኩማር ሲሞቱ ባንጋሎር ውስጥ ረብሻ ተነስቶ ሰው ሞቷል። በዚህኛው ጊዜ የመጠጥ ሽያጭ ታገደ፣ ፖሊስ በየመንገዱ ወጣ። አስከሬኑ ካንቲራቫ ስታዲየም አረፈ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀንና ሌሊት ተሰልፎ ተሰናበተው። ኦክቶበር 31 ቀን በሙሉ መንግሥታዊ ክብር ካንቲራቫ ስቱዲዮ ውስጥ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ በነበሩት ቀናት የባንጋሎር የልብ ሆስፒታል "እኔንም መርምሩኝ" በሚሉ ወጣቶች ተጨናንቆ ነበር።

◾ አራት ሰዎች

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ።

ዶክተር ራጅኩማር ሲሞቱ ዓይናቸውን ለግሰው ነበር። ፑኒትም እንደ አባቱ አደረገ። የባንጋሎሩ ናራያና ኔትራላያ የዓይን ሆስፒታል የፑኒትን ዓይኖች ተቀበለ። በተለምዶ ከአንድ ሰው ሁለት ዓይን ሁለት ሰው ነው የሚጠቀመው። ሐኪሞቹ ግን የእያንዳንዱን ዓይን ብሌን የላይኛውንና የውስጠኛውን ንጣፍ ለያይተው ለአራት ሰዎች አደረሱት። አራት ሰዎች ማየት ቻሉ።

ከዚያ በኋላ ካርናታካ ውስጥ ዓይኑን ለመለገስ የሚመዘገበው ሰው ብዛት በጣም ጨመረ። ምንም ማስታወቂያ ያላመጣውን ለውጥ አንድ ተዋናይ አመጣው።

እኛ ጋም እኮ የዓይን ባንክ አለ፣ በ2003 የተቋቋመ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ይሰራል። ቃል የሚገባ ሰው ነው የሚፈለገው።

◾ ከሞተ በኋላ የወጡት

"ጄምስ" የተባለው ፊልሙ ቀረፃው ቢያልቅም ድምፁን ሳይቀዳ ነው የሞተው። ወንድሙ ሺቫ ራጅኩማር ስቱዲዮ ገብቶ የሟች ወንድሙን ቃለ ተውኔት በራሱ ድምፅ ሞላው። ፊልሙ ማርች 17 ቀን 2022 በልደቱ ቀን ወጣ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ "ጋንዳዳ ጉዲ" ተከተለ። ልብ ወለድ አይደለም፤ ፑኒት ራሱን ሆኖ በካርናታካ ደኖችና ባህር የሚዞርበት የተፈጥሮ ፊልም ነው። ርዕሱ አባቱ በ1973 ከሰሩት ፊልም የተወሰደ ነው።

የማይሶር ዩኒቨርሲቲ፣ ያ አባቱን ያከበረው፣ በ2022 ለፑኒትም ከሞት በኋላ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ደግሞ የግዛቲቱን ከፍተኛ ክብር "ካርናታካ ራትና"ን ተቀበሉለት። አባቱ በ1992 የወሰዱት ሽልማት ነው። በ2025፣ በህይወት ቢኖር 50 ዓመት በሚሞላው ሰሞን፣ "አፑ" እንደገና ሲኒማ ቤት ገባ። ሰው እንደገና ተሰለፈ።

◾ እኛ ጋስ?

እኛም የልጅ ተዋናዮች አሉን። በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ሙሉ ክብደቱ ያረፈው ረድኤት አማረ በተባለ ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። "ድፍረት" (2014) ላይ ትዝታ ሐገሬ ያቺን የተጠለፈች ልጅ ሆና የሰራችው ብዙ አዋቂ ተዋናይ የማይደፍረውን ነው። አሁን ደግሞ ቲክቶክ መጥቶ ማንኛውም ወላጅ ልጁን በአንድ ስልክ "ታዋቂ" ማድረግ ይችላል።

ከፑኒት ታሪክ የምንወስደው ይህ ነው። እሱን ያዳነው ዝናው አይደለም። ዝናው በጣም በሞቀበት ጊዜ ማቆሙ ነው። ቤተሰቡ ልጁን ጨምቆ ለመጨረስ አልቸኮለም፤ እንዲያድግ፣ እንዲነግድ፣ እንዲያገባ፣ ሰው እንዲሆን ጊዜ ሰጠው። ከዚያ ሲመለስ የሚሰጠው ነገር ነበረው። እርግጥ ነው፣ ይህን ለማድረግ አቅም ያስፈልጋል፣ የእሱ ቤተሰብ አቅም ነበረው። ልጁ በሚያመጣው ገንዘብ የሚኖር ቤት እንዲህ ማድረግ ይከብደዋል። ግን ቢያንስ ቪዲዮ ከመልቀቃችን በፊት "ይሄ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ምን ይሰማዋል?" ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፑኒትን ለማየት ከየት ልጀምር ለምትሉ፦ ልጅነቱን "ቤታዳ ሁቩ"፣ ወጣትነቱን "አፑ"፣ ብስለቱን "ራጃኩማራ" ላይ ታገኙታላችሁ።

ያያችሁ ካላችሁ የቱን እንደወደዳችሁት ጻፉልን። ላላዩት ጓደኞቻችሁ ደግሞ አጋሩ።